አለንጋው ሲተካ የኖረው፦ የሕፃናት ቅጣት በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ሁላችንም በቅርብ የምናውቀው፣ እንደ ታሪክ ጉዳይ ግን ብዙም ያልመረመርነው ነው። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት ሲያጠፋ ምን ይደረግበታል? የሚቀጣው ማን ነው? በምን ሥልጣን? ጥያቄዎቹ የአስተማሪዎችና የወላጆች ብቻ መስለው ይታያሉ። ነገር ግን አንድ ማኅበረሰብ ዕውቀትን፣ ሥልጣንንና ልጅነትን እንዴት እንደሚረዳ ከእነርሱ በተሻለ የሚያሳዩ ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ ሌላ ሲሆን እገልጻለሁ።

ስለዚህ ጉዳይ በአደባባይ ሲነገር ሁለት አስተያየቶች ጎልተው ይሰማሉ። አንደኛው «እኛም ተገርፈን ነው ለሰው የበቃነው፤ ልጅን መቅጣት ባህላችን ነው» ይላል። ሁለተኛው ግርፋቱን የኋላ ቀርነት ቅሪት አድርጎ ይቆጥርና ዘመናዊነት ሲስፋፋ በራሱ ጊዜ ይጠፋል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ቅጣቱ ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የመጣ አንድ ነገር ነው ብለው ያምናሉ። እኔ የምከራከረው ከዚህ የጋራ እምነታቸው ጋር ነው። አርጩሜው አንድ ቢሆንም ሥራው በየዘመኑ ተለዋውጧል። በየዘመኑም ትምህርት ቤቱ ያጣውን አንድ ነገር ሲተካ ኖሯል። ይህን ካልተረዳን በአዋጅ ስንከለክለው ለምን እንደማይጠፋ መረዳት አንችልም።

፩. ስለ ቃላቱ

በአማርኛ «ቅጣት» የምንለው ቃል ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ለጥፋት የሚከፈል ዋጋ ነው። በሌላ በኩል ግን «የተቀጣ ልጅ» ስንል ብዙ የተደበደበ ልጅ ማለታችን ሳይሆን ሥርዓት የያዘ፣ በሚገባ ያደገ ልጅ ማለታችን ነው። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ተረት የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው ፊት ነው። ተረቱ ስለ ዱላ አይናገርም። ቁጣን፣ ማለትም የቃል ወቀሳን፣ መሸከም ስለሚችልና ስለማይችል ልጅ ይናገራል።

ከግእዝ የወረስነው «ተግሣጽ» የሚለው ቃል ደግሞ መምከርን፣ ማስተማርንና መውቀስን አንድ ላይ ይይዛል። በቤተ ክርስቲያኒቱ የመጻሕፍት አቆጣጠር የምሳሌ መጽሐፍ የኋለኛው ክፍል በዚህ ስም ራሱን ችሎ ይጠራል። ያው መጽሐፍ በትርንም ለልጅ ማረሚያ አድርጎ እንደሚያነሣ የታወቀ ስለሆነ ትውፊቱን ከነበረው የለዘበ አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። ማለት የምፈልገው ምክር፣ ተግሣጽ፣ ቁጣና ቅጣት በቋንቋችን የተለያዩ ደረጃዎች እንደ ነበሩ ነው። በኋላ የምናየው ታሪክ በከፊል የእነዚህ ደረጃዎች መደምሰስ ታሪክ ነው።

፪. የየኔታ ቤት

የንባብ ቤት ትምህርት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በመምህሩ ጎጆ ደጃፍ ይካሄድ ነበር። ሕፃኑ ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳን ያልፋል፤ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌለ ዮሐንስንና በመጨረሻ መዝሙረ ዳዊትን ይደግማል። ንባቡ ራሱ ግእዝ፣ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ የሚባሉ ደረጃዎች አሉት። ተነሹን ወድቆ፣ ወዳቂውን አንሥቶ ያነበበ ልጅ ተሳስቷል፤ ይታረማል። እርማቱ መጀመሪያ በቃል ነው፤ ስሕተቱ ሲደጋገም ግን ቁንጥጫ፣ ኩርኩም ወይም ልምጭ ይከተላል።

እዚህ ላይ የታሪክ ተመራማሪ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ። የሚያስገርፈው ጥፋት ምን ነበር? በአብዛኛው የዛሬው ዓይነት «ረብሻ» አልነበረም። እንዲያውም ጸጥታ የንባብ ቤት ጠባይ አልነበረም፤ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱም የየራሱን ትምህርት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግማል። ጩኸቱ የሥራ ምልክት ነበር። ዝም ያለ ልጅ ነው የሚጠረጠረው። ዋናዎቹ ጥፋቶች ንባብ ማዛባት፣ የተሰጠውን አለመያዝና ከትምህርት መጥፋት ነበሩ። እየጠፋ የሚያስቸግር ልጅ በእግር ብረት እስከ መታሰር የሚደርስበት ጊዜ ነበር። ጭካኔውን በትዝታ ውበት ልንሸፍነው አይገባም።

ይህ ለምን ሆነ? አንዱ መልስ በብራናው ላይ ነው። አንድ መዝሙረ ዳዊት ለመጻፍ ብዙ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ መፋቅ፣ መወጠርና መድመጥ፣ ከዚያም የወራት የቁም ጸሐፊ ድካም ያስፈልጋል። መጽሐፉ ውድ በመሆኑ ብዙ ልጆች አንዱን ከበው ይማሩ ነበር። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ዋናው ቤተ መጻሕፍት የሰው አእምሮ ነው። ልጁ የሚይዘው ጽሑፍም ቅዱስ ስለሆነ ስሕተቱ የግሉ ብቻ አይደለም፤ ነገ ለሌላው የሚያስተላልፈው ስሕተት ነው። አለንጋው በዚህ ዘመን የመጽሐፍን እጥረት ይተካ ነበር ማለቴ ከዚህ የተነሣ ነው። በሐረር፣ በወሎ፣ በጅማና በሌሎችም አካባቢዎች በነበሩት የቁርኣን ቤቶች ሕፃናት በሉሕ ላይ የተጻፈላቸውን አንቀጽ በቃላቸው ያዙ ዘንድ ይጠበቅባቸው ነበር፤ በእነርሱም ዘንድ የአለንጋው ቦታ ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ሁለተኛው መልስ በመምህሩና በአካባቢው ግንኙነት ላይ ነው። «የኔታ» የሚለው መጠሪያ «የእኔ ጌታ» ከሚለው የመጣ ሲሆን ሥልጣንንም ዝምድናንም ይገልጻል። ወላጅ ልጁን ሲሰጥ ከዐይኑና ከአጥንቱ በቀር እንደ ወደዱ ያድርጉት የሚል መንፈስ ያለው አደራ ይሰጥ ነበር። አደራው ፈቃድም ወሰንም ነው። መምህሩ የሚኖረው ከልጁ ወላጆች ጋር በአንድ ደብር ነው፤ የሚበላው ከእነርሱ እህል ነው፤ ልጁን በስሙ፣ በአባቱና በጠባዩ ያውቀዋል። ቅጣቱ የሚፈጸመው በሰው ፊት ስለሆነ መንገደኛ ወይም ጎረቤት «ስለ ማርያም ይማሩት» ብሎ ሊማልድ ይችላል፤ ምልጃን መናቅም ነውር ነው። ወሰኑ ሁልጊዜ ተከብሯል አልልም። ግን ወሰን ነበረ፤ የሚያስከብሩትም ሰዎች በቅርብ ነበሩ።

፫. ደወልና መዝገብ

በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ የኮፕት መምህራን ሲከፈት፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከተል፣ ከቋንቋና ከሒሳብ ሌላ አዲስ የጊዜና የቦታ አያያዝ አብሮ መጣ። ልጆች በዕድሜና በደረጃ ተከፈሉ፤ በአግዳሚ ወንበር ፊታቸውን ወደ አንድ ሰሌዳ አዙረው ተቀመጡ፤ ደወል ተደወለ፤ ስም ተጠራ። በንባብ ቤት የሥራ ምልክት የነበረው ጩኸት እዚህ ጥፋት ሆነ። ማርፈድ፣ ያለ ፈቃድ መነሣት፣ ከጎረቤት ጋር ማውራት፣ ሰልፍ ማበላሸት፣ ከዚያም ያልተስተካከለ የደንብ ልብስ፣ ሁሉም አዲስ የተፈጠሩ ጥፋቶች ናቸው። ደወል በሌለበት ማርፈድ የለም።

አለንጋው ግን ከየኔታ ቤት ወደዚህ ተሻገረ። ሲሻገርም ሥራው ተለወጠ። ከምላስ ስሕተት ወደ አካል ሥርዓት ዞረ። እጅን በማስመሪያ መምታት፣ ማንበርከክ፣ ጆሮ አስይዞ ቁጭ ብድግ ማሰኘት፣ ፀሐይ ላይ ማቆም፣ በጠዋት ሰልፍ ፊት ማዋረድ የቅጣቱ ዓይነቶች ሆኑ። የረባሾችን ስም በወረቀት የሚመዘግብ የክፍል አለቃ ተሾመ። ልብ በሉ፤ በንባብ ቤትም ትልቁ ልጅ ትንሹን ያስጠና ነበር። አዲሱ አለቃ ግን የሚያስጠና ሳይሆን የሚከስ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ከውጭ የመጣ ስለሆነ ከለዘበ አያያዝ ጋር አብሮ መምጣት ነበረበት ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ከነጻነት በኋላ ለትምህርት ቤቶቻችን መምህራን ከላኩት አገሮች በብዙዎቹ ልጅን በትምህርት ቤት መምታት የተለመደ ነበር። ብሪታንያ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ድብደባን የከለከለችው በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1977 እ.ኤ.አ. ጭካኔ የተሞላበትን ቅጣት የሚከለክለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የትምህርት ቤት ድብደባን እንደማይመለከት ወስኗል።

፬. ፈቃዱ በጽሑፍ ሲሰፍር

ብዙ ጊዜ የማይነገረው የታሪኩ ምዕራፍ ሕጉ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የማረምና የሥነ ሥርዓት መብትን በመጠቀም በአግባቡ የተፈጸመን ድርጊት ከጥፋት ነጻ አደረገ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የበለጠ ግልጽ ነው። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ አሳዳሪ ቀላል የአካል ቅጣት እንዲሰጥ ፈቀደ። ስለ እጅ እልፊት በሚናገረው ክፍሉም፣ በቁጥር 2039፣ ሰው በልጁ፣ በሚያሳድገው ልጅ፣ በተማሪው ወይም በአገልጋዩ ላይ የሚፈጽመውን የተመጠነ የአካል ቅጣት ከኀላፊነት ነጻ አወጣ።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ተማሪውና አገልጋዩ ጎን ለጎን መቆማቸውን ተመልከቱ። ሕጉ ልጁን የሚያየው በመማር ላይ ያለ ሰው አድርጎ ሳይሆን በአንድ ቤት ጌታ ሥልጣን ሥር ያለ ሰው አድርጎ ነው። የወንጀሉን ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን፣ የፍትሐ ብሔሩን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ረቂቆቹ በኢትዮጵያውያን ተመርምረው፣ በፓርላማ አልፈው የጸደቁ ስለሆነ ኀላፊነቱን ለባዕድ ብቻ አሸክመን አናልፍም። ሆኖም «የተመጠነ ቅጣት» የሚለው የሕግ ሐሳብ በአውሮፓ የሕግ ትምህርት የቆየ መሆኑ አይካድም። ስለዚህ «ባህላችን ነው» የሚለው መከራከሪያ ቢያንስ በዚህ ነጥብ ላይ ያልተሟላ ነው። መምህሩ ዱላ የሚያነሣበት ፈቃድ በጽሑፍ የሰፈረው ዘመናዊ ሆነን ሕግ ስንጽፍ ነው። በዚያው ጊዜ የድሮው ወሰን ጠፋ። ደመወዙን ከመንግሥት የሚቀበል፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ፣ የልጁን አባት የማያውቅ አስተማሪ የየኔታን ሥልጣን ወረሰ፤ የየኔታን አደራ ግን አልወረሰም።

፭. ያለ አርጩሜ የተማረ ትውልድ

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎች፣ የቤት እመቤቶችና ሠራተኞች ያንኑ የግእዝ ፊደል፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ልጆቻቸው በተማሩበት ክፍል ተቀምጠው ቆጠሩ። ዘመቻው ከግፊት የጸዳ አልነበረም፤ ሰው እንዲገኝ የቀበሌ ጫና ይደረግ ነበር፤ የተማሩትም ብዙዎች ከጊዜ በኋላ እንደ ዘነጉት ይታወቃል። ይህን ሁሉ ካስቀመጥን በኋላ አንድ እውነታ ይቀራል። የሃምሳ ዓመት አዛውንት «ሀ»ን ከ«ሐ» ሲያምታቱ አርጩሜ ይነሣባቸው ዘንድ ያሰበ አልነበረም። አስተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ ወጣቶች ነበሩና እንዲህ ያለው ነገር በባህላችን የማይታሰብ ድፍረት ይሆን ነበር።

ከዚህ የምንማረው ፊደል ያለ ግርፋት አይገባም የሚለው እምነት ስለ ፊደል እንዳልነበረ ነው። እምነቱ ስለ ልጅ ነበር። ያው ትምህርት፣ ያው ስሕተት፣ የተማሪው ዕድሜ ሲለወጥ መልሱ ትዕግሥትና ድግግሞሽ ሆነ። ልጁን የምንመታው ስለማይገባው አይደለም፤ መምታት ስለምንችል ነው።

፮. ክልከላውና ክፍተቱ

ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ኮንቬንሽኑ የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብአዊ ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዝዛል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1982 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም ይህንኑ ይጠይቃል፤ አገራችን በኋላ ተቀብላዋለች። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ግልጽ ሆነ። አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የአሳዳሪን ሥልጣን ሲያነሣ የአካል ቅጣትን አይጠቅስም፤ ተገቢ የሥነ ሥርዓት እርምጃ በሚል ተክቶታል።

በሌላ በኩል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የማረም መብትን በአግባቡ መጠቀም ወንጀል እንዳልሆነ የሚለውን የቀድሞ ሐሳብ አቆየው፤ ሕፃናትን ማንገላታትን በሚቀጣው አንቀጽ 576 ውስጥም ተመሳሳይ መውጫ አስቀመጠ። የፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 2039 ደግሞ ሳይነሣ በመጽሐፉ ላይ ቆየ። ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ ስለሆነ ከእርሱ ጋር የሚቃረን ሁሉ ዋጋ የለውም። አንድ የመንደር ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ግን አንቀጾችን እያስታረቀ አይውልም። ወደ እርሱ የሚደርሰው መልእክት «አትምቱ፤ ስትመቱም በመጠኑ ይሁን» የሚል ይመስላል።

ክፍሉም በዚያው ዘመን ተለወጠ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሦስት ሚሊዮን በታች የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በ2009 ዓ.ም. ወደ 20 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ይህ በታሪካችን ከታዩት ታላላቅ ለውጦች አንዱ ነው። ዋጋውን ግን የከፈለው ክፍሉ ነው። መመዘኛው በአንድ ክፍል 50 ልጅ ቢልም ከዚያ በላይ የሚይዙ ክፍሎች ብዙ ነበሩ። ስድሳና ሰባ ትንንሽ ልጆችን፣ ሦስት ሦስት አራት አራት ሆነው በአንድ ዴስክ ተቀምጠው፣ አንድ ወጣት አስተማሪ እንዲይዝ ስንጠይቀው ዱላው የቦታን፣ የመጽሐፍንና የረዳትን እጥረት በአንድ ጊዜ መተካት ጀመረ። የአራት አገሮችን ልጆች ለዓመታት የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት በኢትዮጵያ ካነጋገራቸው የስምንት ዓመት ልጆች ሦስት አራተኛው ገደማ ባለፈው አንድ ሳምንት ውስጥ አስተማሪ ልጅ ሲመታ ማየታቸውን ተናግረዋል። ይህ ከሕገ መንግሥቱ መውጣት ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ የተሰበሰበ ቃል ነው።

፯. ለእኛ የሚተርፈው ሥራ

እስካሁን ያልኩትን ልሰብስበው። በብራና ዘመን አለንጋው መጽሐፍን ተካ። በደወል ዘመን አዲስ የመጣውን ሥርዓት ልጁ ሳይገባው እንዲፈጽም አደረገ፤ ማለትም ማስረዳትን ተካ። በብዛት ዘመን ቦታንና የሰው ኀይልን ተካ። በሦስቱም ጊዜ የተጎዳው ያው ሕፃን ነው፤ ምክንያቱ ግን አንድ አልነበረም። ስለዚህ ክልከላው ብቻውን በቂ አይሆንም። ለመምህሩ «ይህን አታድርግ» ብለነው «በምትኩ ይህን አድርግ፤ ለዚህም ይህ ይኸውልህ» ካላልነው ባዶ እጁን ሰባ ልጅ ፊት አቁመነዋል። «ወላጅ አምጣ» የሚለው የተለመደ አማራጭም ቢሆን ብዙ ጊዜ ዱላውን ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ከማዛወር አያልፍም።

ይህን ስል ድብደባው እጥረቱ እስኪወገድ ይቆይ ማለቴ አይደለም። የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ የሚያስተምረን ተቃራኒውን ነው። ያ ዘመቻ በእጥረት የተሞላ ነበር፤ ተማሪውን ማክበር ግን አላቃተውም። እጥረት ዱላውን ያስረዳል እንጂ ትክክል አያደርገውም። መብቱም ልጁ ትምህርት ቤት በገባበት ቀን የሚጀምር እንጂ የክፍሉ ቁጥር ሲቀንስ የሚሰጠው ስጦታ አይደለም።

በዚህ አዳራሽ ላላችሁ ሁለት ሥራ አለ። የታሪክ ተማሪዎች ሆይ፣ የትምህርት ቤቶቻችን የቅጣት መዝገቦች፣ የርእሳነ መምህራን ደብዳቤዎችና የወላጅ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤዎች በየመጋዘኑ እየበሰበሱ ነው። የትኛው ጥፋት መቼ ጥፋት ሆነ? ሴት ልጆች ከወንዶች በምን ተለይተው ተቀጡ? የትኛው ርእሰ መምህር ያለ ዱላ ትምህርት ቤት መራ? እንዴትስ ተሳካለት? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ ያስፈልገናል፤ እንዲህ ያሉ መምህራን በየዘመኑ ነበሩና። ታሪካቸው ግን ከገራፊዎቹ ታሪክ ያነሰ ተነግሯል። የመምህርነት ትምህርት ክፍል ባልደረቦቼ ሆይ፣ ዕጩ መምህር በቆይታው ስንት ሰዓት ትልቅ ክፍልን ስለ መያዝ ይለማመዳል? አንድ ልጅ ሲያስቸግረው ስንት አማራጭ ይዞ ይወጣል? ምክርና ተግሣጽ፣ ቁጣና ቅጣት በቋንቋችን የተለያዩ ነበሩ ብያለሁ። ልዩነቱን መልሶ ለማስተማር ከውጭ የሚመጣ ሥልጠና መጠበቅ አያስፈልገንም።

አሁን መድረኩ ለጥያቄና ለአስተያየት ክፍት ነው፤ በተለይ በአሁኑ ጊዜ በአንደኛ ደረጃ በማስተማር ላይ ያላችሁ ብትቀድሙ ደስ ይለኛል።